በእንሰት ጓሮ የተመሠረተ ጉባኤ፦ የወላይታ ጸሎት ቤቶች ታሪክ

የደቡብ ኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጡት መልእክተኞች ናቸው፤ የሠሩት ሆስፒታል፣ የከፈቱት ትምህርት ቤትና ያቋቋሙት ጣቢያ በቅድሚያ ይወሳል፤ የአገሬው ገበሬ ደግሞ አስተምህሮውን የተቀበለ ወገን ሆኖ ከኋላ ይከተላል። የወላይታን ታሪክ በቅርብ የመረመረ ሰው ግን ይህ አቀራረብ የነገሩን ዋና አንጓ እንደሚስተው ይገነዘባል። በወላይታ የወንጌላውያን እምነት ከጥቂት ደርዘን ሰዎች ወደ ብዙ ሺህ ያደገው ሚሲዮኑ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ዘመን ሳይሆን ከአገር ተባርሮ በቆየባቸው አምስትና ስድስት ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ ያደገበትም ስፍራ የሚሲዮኑ ግቢ ሳይሆን የገበሬው ጎጆ ነበር።

ክርስትና ለወላይታ ምድር ፈጽሞ እንግዳ እንዳልነበረ አስቀድሞ ማስታወስ ተገቢ ነው። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ጻድቁ በዳሞት ምድር ሞተሎሚ የተባለውን ንጉሥ አስተምረው እንዳጠመቁት የሚተርክ ሲሆን፣ የወላይታ የቃል ትውፊትም ሞተሎሚን ከአገሩ ቀደምት ነገሥታት መካከል ይቆጥረዋል፤ የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብርም የዚያ ጥንታዊ ትዝታ ምስክር ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የመጨረሻውን የወላይታ ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በስፋት ስትተከል ከአዲሱ አስተዳደርና ከገባር ሥርዓት ጋር አብራ ገባች። ገባር ማለት መሬቱን እያረሰ ለተመደበበት ወታደር፣ ባላባት ወይም ሹም እህልና ማር የሚያስገባ፣ አጥር የሚያጥርና ጉልበቱን የሚገብር ገበሬ ሲሆን፣ ይህ ሰው ቅዳሴውን በማያውቀው ቋንቋ እየሰማ፣ ካህኑንም ከገዢው ለይቶ ለማየት እየተቸገረ፣ ጥምቀት ቢቀበልም በየቤቱ ለዛርና ለጠንቋይ የሚከፍለውን ግብር አላቋረጠም። ችግሩ የእምነቱ ሳይሆን እምነቱ የመጣበት አኳኋን እንደነበረ መናገር ለቀደመችው ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ፍትሐዊ ፍርድ ነው።

ከውጭ መልእክተኞች በፊት የመጣ ሌላም ሰው ነበር፤ እርሱም ከጋሞ ደጋ የተነሣው ኢሳ ላሌ ነው። ኢሳ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በጋሞና በወላይታ እየተዘዋወረ ሕዝቡ ለመናፍስትና ለሙታን የሚያቀርበውን መሥዋዕት እንዲተው፣ ጦሳን ብቻ፣ ማለትም ከሁሉ በላይ ያለውን የሰማይ አምላክ እንዲለምን፣ ከሐሰትና ከዝሙት እንዲርቅ፣ ሰንበትንም እንዲያከብር አስተማረ። በትምህርቱ መሠረት የቤቱ አባወራ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ እየረጨ ይጸልይ ነበር። እንቅስቃሴው ሕዝብ የሚያሰባስብ በመሆኑ ባለሥልጣናት ኢሳን ይዘው አሰሩት፤ ተከታዮቹም ቀስ በቀስ ተበተኑ። የኢሳ ትምህርት ክርስትና አልነበረም፤ ነገር ግን ያለ ካህንና ያለ ጠንቋይ አማላጅነት በገዛ ቤት መጸለይ እንደሚቻል ለአንድ ትውልድ አሳይቷል፤ ኋላ ጎጆአቸውን ለጉባኤ ከከፈቱት አባወራዎች መካከልም ይህን ልማድ በልጅነታቸው ያዩ ነበሩ። ይህ ቅድመ ታሪክ በሚሲዮን ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ ከተሰጠው በላይ ቦታ ይገባዋል።

በጉለሌ ሆስፒታል ያሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከእንግሊዛዊው አልፍሬድ በክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር ያቋቋመው አነስተኛ ማኅበር በ1920 ዓ.ም. ግድም ከሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ጋር ተዋሐደ። በስሙ ውስጥ ያለው «ሱዳን» ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራውን አገር ሳይሆን ከሰሐራ በረሃ በታች ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተዘረጋውን ሰፊ የአፍሪካ ክፍል የሚያመለክት የቀድሞ አጠራር ነው። ቡድኑ በዚያው ዓመት በበቅሎ ጓዝ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ በየአካባቢው አስተዳዳሪዎች ፈቃድም በሆሳዕና አቅራቢያ፣ በሲዳሞና በሶዶ ኦቶና በተባለው ስፍራ ጣቢያዎችን ከፈተ። በኦቶና የሕክምና አገልግሎት ተጀመረ፤ ፊደል ማስቆጠርም እንዲሁ።

የእነዚህ መልእክተኞች አሠራር በአንድ ነገር ከብዙዎች ይለይ ነበር። በክስተን ሮላንድ አለን የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ ስለ ሐዋርያው ጳውሎስ የስብከት ዘዴ በጻፈው እጅግ የተነካ ሰው ስለነበር፣ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ራሷን የምትመራ፣ ራሷን በገንዘብ የምትችልና በራሷ ሰዎች የምትስፋፋ እንድትሆን ይከራከር ነበር፤ ማኅበሩም ይህን መርሕ ተቀበለ። በመሆኑም ከውጭ በመጣ ገንዘብ ጸሎት ቤት አልተሠራም፤ ለአገሬው ሰባኪም ደመወዝ አልተቆረጠም። ጸሎት ቤት የሚባለው የወንጌላውያን አማኞች የሚሰበሰቡበት ቤት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከገበሬው መኖሪያ በመጠን ካልሆነ በቀር በሌላ የማይለይ፣ በእንጨትና በሣር የታነጸ ክብ ጎጆ ነበር። ይህ አሠራር በወቅቱ ለብዙዎች ንፍገት መስሎ ታይቶ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ በሙሉ ከውጭ ይመጣ ቢሆን ኖሮ፣ የገንዘቡ ምንጭ በደረቀበት ቀን ጉባኤውም በተዘጋ ነበር።

ሥራው አዝጋሚ ነበር። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት ከአምስት ዓመት በላይ ትምህርትና ምርመራ በኋላ በ1926 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያው ረድፍ ከነበሩት አማኞች መካከል ብሩ ዱባለና ዋንዳሮ ደባሮ ኋላ የጉባኤው ዓምዶች ሆነዋል። መልእክተኞቹ ከቁጥር ይልቅ ጥራትን በመፈለጋቸው እያንዳንዱ አማኝ ጠንቋዩን በይፋ መካዱ፣ የሃይማኖቱን መሠረት ማወቁና በጎረቤቱ ዘንድ መልካም ስም ያለው መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥምቀቱን ያዘገዩበት ነበር። ፈተናውን አልፎ የተጠመቀውም ወዲያውኑ ሌላውን የማስተማር ኃላፊነት ይሰጠው ስለነበር ተማሪና አስተማሪ የሚባል ድንበር አልጸናም።

የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀምሮ በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባን ሲይዝ፣ በሶዶ የነበሩት መልእክተኞች ከዋና ከተማው ተቆርጠው ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በዚያው ቆዩ፤ ይህን ጊዜም ሽማግሌዎችን ለመሾም ተጠቀሙበት። ጥምቀትና ቅዱስ ቁርባንን የመፈጸም ሥልጣን የተሰጣቸው እነዚህ ሽማግሌዎች ገበሬዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. 19 መልእክተኞች ከ7 ልጆች ጋር በጦሩ ካሚዮን ተጭነው ሶዶን ሲለቁ፣ ተጠምቀው የቀሩት የወላይታ አማኞች በሚሲዮኑ መዝገብ መሠረት 48 ብቻ ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረውም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና በወላይታ ቋንቋ የተዘጋጁ ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎች ብቻ ነበር።

ወራሪው አስተዳደር እነዚህን አማኞች የእንግሊዞች ወዳጅና የተባረሩት ፈረንጆች ርዝራዥ አድርጎ ስለሚመለከታቸው ጸሎት ቤቶቻቸውን ማፍረስና መሪዎቻቸውን ማሰር ጀመረ። ዋንዳሮ ታሰሩ፤ በሕዝብ ፊትም ተገረፉ፤ በርካታ ሽማግሌዎችም ከእሳቸው ጋር በሶዶ እስር ቤት ማቀቁ። በዚያን ዘመን እስረኛ የሚበላው ቤተ ዘመዱ የሚያመጣለትን ስንቅ ስለነበር፣ አማኞቹ በተራ ተደራጅተው ከሩቅ ቀበሌ ሁሉ ቆጮና ጥሬ ተሸክመው ወደ ወኅኒው ደጃፍ ይመላለሱ ጀመር፤ ያመጡትም ለራሳቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆን ዘመድ ለሌለው እስረኛ ጭምር ይዳረስ ነበር። ከሥጋ ዘመድ ውጭ ለሆነ ሰው፣ ከሌላ ጎሣና ከሌላ ቀበሌ ለመጣ እስረኛ ስንቅ መቋጠር በወላይታ እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ፣ ይህን ያዩ ጎረቤቶች የእምነቱን ምንነት እየጠየቁ መጡ። ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ይህ ስንቅ ብዙ ሰው እንደሳበ አዛውንቱ ራሳቸው ሲመሰክሩ ኖረዋል፤ የታሪክ ጸሐፊም ይህን ምስክርነት የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም።

ጸሎት ቤቱ ሲፈርስ ጉባኤው ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። የወላይታ መኖሪያ ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ እንደተመቸ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል፤ ጎጆው ሰፊ፣ ጣሪያው እስከ መሬት ሊደርስ የተቃረበ፣ ውስጡ ከብቶች በሚታሰሩበትና ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ክፍል የተለየ ሲሆን፣ ከኋላው ያለው የእንሰት ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ቤቱን ከመንገድ ይጋርደዋል፤ እንሰት ደግሞ ከሥሩና ከግንዱ ቆጮ የሚዘጋጅበት፣ ቅጠሉ እንደ ሙዝ የሰፋ ተክል ነው። አማኞቹ ከምሽት በኋላ በጓሮ በኩል አንድ አንድ እያሉ ገብተው፣ ከብቶቹ በጉረኖአቸው እያመሰኩ፣ በምድጃው ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሰው በእሳቱ ብርሃን ከአማርኛው መጽሐፍ አንድ ቁጥር ያነባል፤ እዚያው በወላይታ ቋንቋ ይፈታዋል፤ የተሰበሰቡትም ቃሉን እየደጋገሙ እስኪሸመድዱት ድረስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አይታለፍም። በዚህ ዓይነት ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌዎች ምዕራፎችን በሙሉ በቃላቸው ይዘው ወደ ሌላ ቀበሌ ያደርሱ ነበር። መዝሙሩም የፈረንጅ ዜማ አልነበረም፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበት፣ በእርሻና በደቦ ላይ የተለመደው የአገሬው አዘፋፈን ለአዲሱ ቃል ዋለ።

እዚህ ላይ ስለዚያ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። መላው መጽሐፍ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተተረጎመው በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ በካይሮ በነበሩት አቡ ሩሚ በተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታተሙት እትሞች ከእሳቸው ድካም የተነሡ ናቸው። እንግዲህ በወላይታ ጎጆዎች ለተደረገው ጉባኤ መሠረት የሆነው መጽሐፍ ከኦርቶዶክስ ገዳም በወጣ ሊቅ እጅ ተሰናድቶ ነበር፤ ሁለቱን ወገኖች ፈጽሞ እንደማይነካኩ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን እውነት ቢያስተውሉ ታሪኩን ይበልጥ ምሉዕ ባደረጉት ነበር።

በየቤቱ ለሚደረገው ጉባኤ ባለቤቱ በስም ቢጠራም፣ እሳቱን የምታነደው፣ እንግዳውን የምትመግበው፣ ሰላይ መምጣቱንም ከደጅ ሆና የምትጠብቀው የቤቲቱ እመቤት ነበረች። የጽሑፍ ምንጮች የሽማግሌዎቹን ስም በዝርዝር ሲይዙ የእነዚህን ሴቶች ስም ያቆዩት በጣም በጥቂቱ ነው፤ ይህም በታሪኩ ላይ የቀረ ከባድ ጉድለት ነው።

እድገቱ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚሲዮኑ ጸሐፊዎች ተአምር በማለት ያልፉታል። የአማኞቹ ጽናት በእርግጥ የሚደንቅ ነው፤ ነገር ግን ምድራዊ ምክንያቶችም አሉት። የገባር ሥርዓት በወረራው ፈርሶ፣ ባላባቱና ሹሙ ኃይሉን ሲያጣ፣ ገበሬው ያለ ጌታው ፈቃድ ከቀበሌ ቀበሌ መንቀሳቀስ ቻለ። ሳምንታዊው ገበያ ሰውን ከሰው ስለሚያገናኝ ወሬው በገበያ ቀን ተሰራጨ፤ ጋብቻ ከሌላ ጎሣ ጋር የሚደረግ በመሆኑም እያንዳንዷ ያመነች ሙሽራ እምነቷን ይዛ ወደ ሌላ ቀበሌ ገባች። ከሁሉም በላይ ግን ጉባኤው የሚመራው በአገሬው ሰው፣ በአገሬው ቋንቋና በአገሬው ቤት ስለነበረ፣ አንድ ሰው ቢያምን የገባው ወደ ፈረንጅ ሃይማኖት ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ ቤት ነበር።

ሶዶ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ከወራሪው ነጻ ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተመለሱት መልእክተኞች ያገኙት 48 ሰዎችን ሳይሆን ወደ 100 የሚጠጉ ጉባኤዎችንና 10,000 ገደማ አማኞችን እንደነበረ የሚሲዮኑ ጽሑፎች ይገልጻሉ፤ ሬይመንድ ዴቪስ የተባለው መልእክተኛ በኋላ ያሳተመው መጽሐፍም ይህን ቁጥር በዓለም ዙሪያ አስተዋውቆታል። በእነዚያ ዓመታት መዝገብ ይዞ የሚቆጥር ሰው ስላልነበረ አሐዙ የሽማግሌዎች ግምት እንደሆነ መውሰድ ይሻላል፤ ይሁንና የእድገቱ መጠን የሚያከራክር አይደለም። በከምባታና በሀድያም፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል።

የተመለሰው ሚሲዮን ያገኘው ደግሞ አዲስ ሕግ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች አቋም የሚደነግገው ዐዋጅ አገሪቱን በሁለት ከፈላት፤ ኦርቶዶክሳውያን የሚበዙባቸው አካባቢዎች ለሚሲዮን ስብከት ዝግ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ክፍት አካባቢ ተባሉ፤ ትምህርቱም በአማርኛ እንዲሰጥ ታዘዘ። የወላይታ ጉባኤዎች ይህን ትእዛዝ የፈጸሙት ማንም ባልጠበቀው ስፋት ነው፤ ሰው የሚያምነውን ያነብ ዘንድ በየጸሎት ቤቱ ፊደል የሚያስቆጥር መምህር አቆሙ፤ በዚህም ብዙ የገበሬ ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ቀበሌአቸው ከመድረሱ በፊት አማርኛን መጻፍና ማንበብ ቻሉ። የዐዋጁ ከለላ ግን በወረቀት ላይ እንደሰፈረው አልሆነም፤ ከወረራው በኋላ ወደ ሥልጣናቸው የተመለሱ የአካባቢ ባላባቶችና ሹማምንት አማኞቹን ማሰር፣ ጸሎት ቤቶችንም ማሸግ አላቋረጡም።

በዚሁ ዘመን ወላይታ ተቀባይ ብቻ መሆኗ ቀርቶ ላኪ ሆነች። ወንጌላዊ የሚባለው ከጉባኤው ተመርጦ ወደ ሌላ ሕዝብ የሚላክ ሰባኪ ሲሆን፣ ወጪው የሚሸፈነው ደመወዝ የሌላቸው ገበሬዎች በሚያዋጡት እህልና ሳንቲም ነበር። እነዚህ ሰዎች ከነሚስትና ልጆቻቸው ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ማሌና አሪ ተሻግረው፣ የማያውቁትን ቋንቋ ተምረው፣ በወባ ቆላ ልጆቻቸውን ቀብረው፣ እየታሰሩም እየተፈቱም ለዓመታት ኖረዋል። ከመካከላቸው ማሄ ጮራሞ የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ የወጣ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ግን በልጆቻቸው ትዝታ ብቻ ተይዞ ቀርቷል። የሄዱበትም ሁሉ የመጀመሪያ ሥራቸው ሕንጻ መትከል ሳይሆን የሚቀበላቸውን አንድ አባወራ ማግኘትና በቤቱ መሰብሰብ ነበር። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሁሉ የጉባኤ መረብ ቃለ ሕይወት በሚለው ስም ይታወቃል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያ የጣልያን ዘመን ልምድ እንደገና አስፈለገ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወላይታ፣ በከምባታና በሀድያ አብዛኞቹ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያና ለእህል መጋዘን ሲውሉ፣ ሽማግሌዎቹም «ጴንጤ» ተብለው፣ የባዕድ ሃይማኖት አራማጅ በሚል ክስ ታሰሩ። ጴንጤ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ለጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ተከታዮች የተሰጠ ስም ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ለወንጌላውያን ሁሉ የወል ስያሜ ሆኗል። በወለጋም የመካነ ኢየሱስ ጉባኤዎች ተመሳሳይ መከራ ደርሶባቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ የተመሠረተችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በይፋ ተዘግታ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ሲታሰሩ፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላቷ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው በሚይዙ ቡድኖች ተከፋፍለው በየቤቱ ተሰበሰቡ። መዝሙር በለሆሳስ ይዘመራል፤ ቦታው በየጊዜው ይቀያየራል፤ አገልጋዮቹም የሚያውቁት የራሳቸውን ቡድን ስለሆነ አንዱ ቢያዝ ሌላው አይጋለጥም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የአባላቷ ቁጥር ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የከተማና የገበሬ አማኞችን አቀናጅታ ስለያዘች ስልቷ ተመዝግቦ ቆይቷል፤ በወላይታ ገጠር ግን ለቅሶ ቤት፣ ደቦና ሠርግ ለመገናኛ ስለሚበቁ፣ አዛውንቱም ከወላጆቻቸው የወረሱትን ስለሚያውቁ፣ ይህን ያህል የተቀነባበረ አደረጃጀት ሳያስፈልግ ጉባኤው በየእንሰት ጓሮው ቀጠለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተወረሱት ሕንጻዎች በየደረጃው ተመለሱ፤ በሣር ጎጆ ፋንታ ቆርቆሮ የለበሱ ትልልቅ አዳራሾችም ተሠሩ። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት የተባሉት ከአገሪቱ ሕዝብ 5.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በ1987 ዓ.ም. 10.2 በመቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 18.6 በመቶ ሆነዋል፤ በዚህ በመጨረሻው ቆጠራ በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ድርሻቸው 55.5 በመቶ ነበር። እነዚህን አሐዞች የሚያነጻጽር ሰው የመጀመሪያው ቆጠራ የተካሄደው ጸሎት ቤቶቹ በታሸጉበትና ሃይማኖትን ለቀበሌ ሹም መናገር ለእስር በሚዳርግበት ጊዜ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም፤ በ1987 ዓ.ም. አዲስ አማኞች ተብለው ከታዩት መካከል ቀላል የማይባሉት ከአሥር ዓመት በፊትም በየጎረቤታቸው ቤት የሚሰበሰቡ፣ ነገር ግን ያልተቆጠሩ ሰዎች እንደነበሩ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።